ሴራሚኩን አየሁት፤ ሽቦውን አሳዩኝ

ኮልፌ ውስጥ ቤት የሚያሳድስ ሰው ስለ ሴራሚክ ቀለም ወር ሙሉ ይከራከራል። ክሬም ይሁን ግራጫ? እህት ትጠራለች፣ አማች ይጠየቃል፣ ካናዳ ያለችው አክስት ሌሊት ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ በቪዲዮ ድምፅ ትሰጣለች። ግድግዳ ውስጥ ስለሚቀበረው ሽቦ ውፍረት የሚጠይቅ ዘመድ ግን እስካሁን አልተወለደም። ቤት ሊያይ የመጣ እንግዳ «ውይ፣ ሽቦሽ እንዴት ያምራል!» ብሎ አያውቅማ። ስለዚህ ሽቦውን የሚመርጠው ሥራው ሲያልቅ ሒሳቡን ተቀብሎ የሚሄደው ሰው ነው። እሱ ከሒሳቡ ጋር ይሄዳል፤ እኛ ከሽቦው ጋር እንቀራለን።

እኔ ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም። ራሴ ባልናገር እንኳ ባለቤቴ ለመጣ ለሄደው ትናገርልኛለች። ጡረታ የወጣሁት ከአንድ መሥሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ ዕድሜዬን ብሬከርና ሽቦ ስቆጥር፣ ሳስፈርምና ስፈርም ጨረስኩት። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦን ከባለ 2.5 ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለያለሁ። ልጆቼ የእናታቸውን ማድ ቤት ለማሳደስ ሲነሡ ግን «አባዬ፣ አንተ አርፈህ ተቀመጥ፤ ሁሉንም እኛ እንጨርሰዋለን» አሉኝ። አርፎ መቀመጥ በእኔ ዕድሜ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ቤታችን፣ እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ ነባር ቤቶች፣ እንጨቱ ከአጠና ተራ ተገዝቶ በጭቃ የተመረገ ነው። ማድ ቤቱ ጓሮ ነው። ጓሮ የሆነውም በሞኝነት አይደለም፤ ጭሱ ሳሎን እንዳይገባ ነው። ኮረንቲ ሲመጣ ከትልቁ ቤት ወደ ማድ ቤቱ አንድ ቀጭን ሽቦ ተሳበ፤ ለአንዲት አምፖል። ሽቦዋ ልብስ ማስጫው እንጨት ላይ ተጠምጥማ ተሻገረች። አምፖሏ ብቻዋን ሳለች ሰላም ነበር። ቆይቶ የኤሌክትሪክ ምድጃ መጣ፤ ከአምፖሏ ላይ ተቀጠለ። ኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ፤ ከምድጃው ላይ ተቀጠለ። የሰርቪሱ ተከራይ ደግሞ «ለስልክ ቻርጅ ብቻ» ብሎ ለመነና ተቀጠለለት፤ በማግስቱ ልብስ ሲተኩስ አገኘሁት። ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥብ ጋቢና የሚንጣጣ ሽቦ ጎን ለጎን ተሰጥተው እያየሁ በጸሎት ስንት ዓመት ገፋሁ።

«ይታደስ» ሲባል ይህ ሽቦ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ የሚታደሰው ሌላ ነው። ልጆቼ «ኦፕን ኪችን» የሚባል ነገር አይተዋል። ግድግዳው ፈርሶ ማድ ቤቱ ሳሎን ይገባል፤ ሽንኩርቱ እንግዳ እያየው ሊቁላላ፣ ሶፋው የበርበሬ ሽታ ሊጠጣ። ግራናይት ተገዛ። ካቢኔት ታዘዘ። ኮርኒሱ ጂፕሰም ሆነ፤ በየጥጉ ሰማያዊ መብራት ተተከለበት። ይህ ሁሉ ሲሆን «ስንት ዕቃ ነው የሚሰካው? ስንት ዋት ነው?» ያለ አንድ ሰው የለም።

ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ ግድግዳ ይሰረስራል።

«ልጄ፣ ለምጣዱ በስንት ሽቦ ነው የምትዘረጋው?» አልኩት።

«በ2.5 ነዋ፣ ፋዘር። ሶኬት ሁሉ በ2.5 ነው።»

«ብቻውን ነው ከሌላው ጋር?»

«አንድ መስመር ነው፤ ከፍሪጁ ጀምሮ ዞሮ ይመጣል። ካነሰ ዲቫይደር እንሰካለን። አይጨነቁ።»

አልጨነቅም! ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጣሁ። ኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። የእኛው 3,800 ነው። የአገራችን የቤት ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። 3,800 ለ220 ሲካፈል ከ17 አምፔር ይበልጣል። ግድግዳ ላይ የሚተከለው ተራ ሶኬት ደግሞ የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። ምጣዱ ብቻውን፣ አንድም ባልንጀራ ሳይጨመርበት፣ ከሶኬቱ አቅም በላይ ነው ማለት ነው። በየቤቱ የምጣድ ስፒና የሚጠቁረው፣ ሶኬቱ የሚቀልጠው፣ ማድ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸተው በዚህ ምክንያት እንጂ በቡዳ አይደለም። በዚያው መስመር ላይ 2,000 ዋት የሚበላ ውሃ ማፍያ ጨምሩ፤ 9 አምፔር። ያንኑ የሚያህል ምድጃ ጨምሩ፤ ሌላ 9። በአንዲት ባለ 2.5 ሽቦ 35 አምፔር! ዲቫይደሩ ደግሞ ቀዳዳ ይጨምራል እንጂ ኮረንቲ የመሸከም አቅም አይጨምርም።

ምጣድ የራሱ መስመር ይገባዋል። ከማከፋፈያ ሳጥኑ ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ ሳይቆም፣ ማንንም ሳያስከትል ምጣዱ ዘንድ የሚደርስ፣ ቢያንስ ባለ 4 የመዳብ ሽቦ፤ መንገዱ ረዘም ካለ ባለ 6። ጫፉ ላይም ተራ ሶኬት ሳይሆን ለዚያ ኮረንቲ የተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ወይም ባለ 32 አምፔር ሶኬት። ይህን ስናገር ልጄ «አባዬ፣ ምጣድ እኮ ነው፤ ፋብሪካ አደረግኸው!» አለኝ። ፋብሪካ ነው እንጂ! ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁና አምፖሉ ሁሉ ተሰብስበው የአንድ ምጣድ ግማሽ አይበሉም።

የአገሩንም ኮረንቲ በምጣድ እንለካው። የቆቃ ግድብ በ1952 ሥራ ሲጀምር አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነበር፤ በምጣድ ሲሰላ አሥራ አንድ ሺህ ምጣድ ገደማ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ሒሳቡን ብትሠሩት ከ1.3 ሚሊዮን ምጣድ ይበልጣል። ኮረንቲው ከጉባ ተነሥቶ በትልልቅ ምሰሶ፣ በወፍራም መስመር፣ ከትራንስፎርመር ወደ ትራንስፎርመር እየተቀባበሉት አገር አቋርጦ ይመጣል። የመጨረሻዋ ዐሥር ሜትር ላይ ሲደርስ ልጄ በቅናሽ የገዛው ሽቦ ይቀበለዋል። አገር ለሚሊዮን ምጣድ በቃ፤ የእኔ ግድግዳ ለአንዱ አልበቃም።

ሽቦው ደግሞ ሽቦ ቢሆን ባልከፋ። «በርካሽ ተገኘ» ተብሎ የመጣውን ጥቅል ሳነሣው ቀለለኝ። ላዩ ላይ 2.5 ተጽፏል፤ መጻፍን ማን ይከለክላል? ጫፉን በምላጭ ብፍቀው ከመዳቡ ሥር ነጭ ብቅ አለ። አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ ተቀብቶ! አሉሚኒየም በአንድ ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ኮረንቲ ነው የሚሸከመው፤ ብሎን ሥር ሲታሰርም እየሞቀና እየቀዘቀዘ ቀስ በቀስ ይላላል። ከዚህ የባሰም አለ፤ ውስጡ ብረት የሆነ። እሱን ማግኔት ይስበዋል፤ መዳብን ግን አይስብም። ስለዚህ ሽቦ ልትገዙ መርካቶ ስትወርዱ ምላጭና ማግኔት ኪሳችሁ ክተቱ። ባለ ሱቁ ይሰድባችኋል፤ ይስደብ።

ብሬከር ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በድሮው ፊውዝ ዘመን፣ ፊውዙ ሲበጠስ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠምጥሞ መልሶ የሚከት ጎረቤት በየሰፈሩ ነበረ። የዛሬዎቹ ሠልጥነዋል፤ ትልቅ ብሬከር ይገዛሉ። «ባለ 20ው እየጣለ አስቸገረን፤ በ40 ቀየርነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰላም ነው» ይላሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው። ብሬከር እኮ የተቀመጠው ሽቦው ከሚችለው በላይ ሲፈስበት እንዲጥል ነው። በባለ 2.5 ሽቦ ላይ ባለ 40 ብሬከር ከሰቀላችሁ መጀመሪያ የሚቀልጠው ሽቦው ነው፤ ብሬከሩ ቆሞ ያያል። ለባለ 1.5ቷ የመብራት መስመር 10፣ ለባለ 2.5 ሶኬት 16፣ ለምጣዱ ባለ 4 ሽቦ 20 ወይም 25፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ መብላት ይበቃል።

እኔ ይህን ሳሰላ ኤሌክትሪሺያኑ ሁለት ሽቦ በፒንሳ ጠምዝዞ፣ ፕላስተር ጠቅልሎ፣ ግድግዳው ውስጥ ወትፎ፣ ሴራሚክ ለጣፊውን «ለጥፍ» አለው። እዚህ ላይ ጮኽኩ። ሰፈሩ ሰማ። የላላ ማያያዣ እኮ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንድ አሥረኛ ኦም የምታህል መሰናክል ብትኖረው እንኳ፣ 17 አምፔር ሲያልፍባት ወደ 30 ዋት ሙቀት ታወጣለች። 30 ዋት ራዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ የሚያቀልጡበት ብረት ነው። ያንን ብረት ሰክታችሁ፣ ከሴራሚኩ ኋላ ከእንጨትና ከጭድ ጭቃ ጋር ቀብራችሁ ትተኛላችሁ? ሽቦ ከተቀጠለ መቀጠያው በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ፣ ክዳኑ ተከፍቶ በሚታይ ጃንክሽን ቦክስ ውስጥ ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጨርሶ ሳይቀጠል መድረሱ ነው።

መቅበር ከተነሣ አይቀር፣ በ1954 ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሹ ሠፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል። አነስተኛ ቦምብና ፈንጂ መሥራትም ተምሯል። የኮልፌ ሰው ይህን ሲያወራ ይኮራል፤ እኔም እኮራለሁ። ነገር ግን ማንዴላ አሠልጣኝ ነበረው፤ ፈንጂውንም ያሰበው ለጠላት ነው። የእኛው ጎረምሳ ያለ አሠልጣኝ፣ ከፍሪጁ ጀርባ፣ ባለቤቱ እያየ፣ ዋጋ አስከፍሎ ቀበረው።

አሁን ወደ ሦስተኛዋ ሽቦ፣ ወደ ቢጫና አረንጓዴዋ ልምጣ። ጫፏን ቆርጦ ወደ ኋላ አጥፏታል።

«ይቺስ?»

«ኧርዝ ናት፣ ፋዘር። ያለሷም ይሠራል።»

ይሠራል! ከሁሉም ያናደደኝ ይህ ነው። ምጣድ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ከሸክላው ሥር በጠመዝማዛ ቦይ የተዘረጋው የሚግል ሽቦ ላስቲክ የለበሰ አይደለም፤ ራቁቱን ነው። በላዩ ሸክላ፣ በዙሪያው ቆርቆሮ። ሸክላው ዕድሜው ሲደርስ ይሰነጠቃል፤ የማይሰነጠቅ ሸክላ አላየሁም። ያኔ ሊጡ በስንጥቁ ሠርጎ ሽቦው ዘንድ ይደርሳል፤ ሊጥ ደግሞ ኮረንቲ ያሳልፋል። ቆርቆሮው ኮረንቲ ይይዛል። የጋጋሪዋ እጅ እርጥብ፣ ወለሉ እርጥብ። ኧርዝ ካለ ኮረንቲው በዚያች በተናቀች ሽቦ መሬት ይገባል፤ ከሌለ በጋጋሪዋ በኩል ይገባል። በየግቢው «ትንሽ ይነዝራል እንጂ ጥሩ ምጣድ ነው» እየተባለ፣ የላስቲክ ጫማ ተጫምቶ፣ ማሰሻውን በሁለት ጣት ይዞ የሚጋገርበት ቤት ስንት ነው? ይህ ጥሩ ምጣድ አይደለም፣ ወገኖቼ፤ ቀጠሮ ነው።

ብሬከሩም አያድናትም። ሰውን ለመግደል የአንድ አምፔር ጥቂት እጅ ይበቃል፤ ባለ 20 ብሬከር ለዚህ አያስነጥሰውም። ይህን የሚይዘው «ኧርዝ ሊኬጅ» የሚሉት መሣሪያ ነው። በፌዝ የወጣው ኮረንቲ በኒውትራል ሲመለስ 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ፣ ጎድሎ የሄደው በሰው በኩል ሊሆን ይችላልና፣ ዓይን ሳይጨፈን ይቆርጣል። ልጆቼ ዋጋውን ሲሰሙ ደነገጡ። የካቢኔቱ አንድ በር ስንት ነው? አልኳቸው። ዝም። በሮቹስ ስንት ናቸው? አሁንም ዝም። ኤሌክትሪሺያኑ ሊያስታርቀን ፈልጎ «እሺ፣ ኧርዟን ከውሃ ቧንቧው ላይ እናስራታለን» አለ። ቧንቧውን ባለፈው ሳምንት ራሳቸው ነቅለው በፕላስቲክ ቀይረውታል! መሬት የሚያገናኝ የመዳብ ዘንግ እርጥበት ያለው አፈር ውስጥ ጠልቆ ይተከላል እንጂ ፕላስቲክ ላይ ሽቦ መቋጠር ምን ይባላል?

እግረ መንገዴን ሌላም ላጉረምርም። ማብሪያ ማጥፊያውን በፌዙ ፋንታ በኒውትራሉ ላይ ያስገባው አለ። አምፖሉ ይጠፋል፤ ኮረንቲው ግን አምፖሉ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ሶኬት ከመታጠቢያው ገንዳ አጠገብ፣ ሳሕን ሲታጠብ በሚረጭበት ያስተክላሉ፤ «ውሃ ማፍያው ለመቅዳት እንዲመች»። ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ቀጥ ብሎ መውረድና ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው፣ ለመቆጠብ ብለው በሰያፍ ይጎትቱታል፤ ከዚያ ካቢኔት ሰቃዩ በድሪል መጥቶ መሐሉን ይበሳዋል። ቀኑን ሙሉ ራሳችሁን ፎቶ የምታነሡበት ስልክ አለ አይደል? ሴራሚኩ ሳይለጠፍ ግድግዳውን አንዴ አንሡት።

ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ ነው። የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ለአክስቷ ቡና ማፍያ ማሽን ይዛ መጣች። ቡና በተገኘበት አገር፣ ጀበና ላላት ሴት! የአሜሪካ ኮረንቲ 120 ቮልት ነው፤ ዕቃውም የተሠራው ለዚያ ነው። በ220 ሲሰካ የሚበላው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሰካችው። ቡናው አልፈላም፤ ማሽኑ ግን ፈላ። ከዱባይ የመጣው ደግሞ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ አለው፤ የእኛ ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳ። መሐል ላይ አዳፕተር የሚሉት ይገባል፤ ብዙዎቹ አዳፕተሮች ኧርዙን እዚያው በልተው ያስቀሩታል። ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከ220 እስከ 240 ያለውን ቮልት ካልጻፈ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ያውም ዋቱን የሚችል።

መብራት መሄዱን በተመለከተ ማማረር ትቻለሁ፤ የማማርረው ስለ መመለሱ ነው። እንጀራው እየተጋገረ ጭልም ሲል ምጣዱን የሚያጠፋ የለም። «መጣች፣ አልመጣች» ሲባል ይመሽና ሁሉም ለቅሶ ቤት ይሄዳል። መብራት ማንም በሌለበት ይመጣል። ምጣዱ በርቶ፣ አክምባሎው ተከድኖ፣ ላዩ ላይ ፎጣ ጣል ተደርጎበት። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠፋው ምጣዱ ነው፤ ሻማ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሪጁም ይነቀል፤ ሲመለስ ኮረንቲው ከፍ ዝቅ ይላልና ረጋ እስኪል ይቆይ። ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ሲጋግር ቮልቱ 180 ከደረሰ ደግሞ 3,800 ዋት የተባለው ምጣድ ወደ 2,500 ይወርዳል። ያን ጊዜ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ባለቤቴ ጤፉን ትወቅሳለች፣ ጤፍ ነጋዴው ወፍጮ ቤቱን ይወቅሳል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የሕንፃ አዋጅ አለ፤ ስለ ሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ብቻ የተጻፈ የአገሪቱ ሕንፃ ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 10 የሚባለው፣ በ1987 ወጥቷል። ለኤሌክትሪሺያኑ ስነግረው «እሱ ለፎቅ ነው፣ ፋዘር» አለኝ። ኮረንቲ ፎቅና ጭቃ ቤት ይለያል እንዴ? ፍሪጁ ላይ 939 ብዬ በትልቁ ጻፍኩ፤ የእሳት አደጋ ስልክ ነው። ባለቤቴ ማሟረት ነው ብላ በመግነጢስ ጽጌረዳ ሸፈነችው። ሶኬት ሲጨስ ባልዲ ውሃ ይዛ የምትሮጠው ራሷ ናት፤ መጀመሪያ ዋናው ብሬከር ይውረድ፣ ውሃ አይነካካ ብል ማን ሰምቶኝ!

እንግዲህ ሳጉረመርም፣ ሳኮርፍ፣ ምሳ አልበላም ስል ሰነበትኩና በመጨረሻ ረታሁ። የጡረታዬን ብር አውጥቼ እውነተኛ መዳብ አስገዛሁ። ባለ 4ቱ መስመር ከሳጥኑ ተነሥቶ፣ አንድም ቦታ ሳይቀጠል፣ በቱቦ ውስጥ ግራናይቱ ዘንድ ደረሰ። ኧርዝ ሊኬጁ ተሰቀለ፤ ቁልፉን ስጫነው ቀጭ ብሎ ጣለ፣ ደስ አለኝ። ዘንጉ ተተከለ። ኤሌክትሪሺያኑ እንኳ ቴስተሩን እያየ «ፋዘር፣ ይሄ ያምራል» አለ።

ምጣዱን ከጓሮ አምጥተን ግራናይቱ ላይ አሳረፍነው። ባለቤቴ መጣች። ምጣዱን አየችው፤ ቀና ብላ ነጩን ጂፕሰም አየችው፤ ሶፋውን አየችው።

«እዚህ ነው የምጋግረው?»

«እዚህ ነው።»

«እንፋሎቱ ኮርኒሴን ሊያበላሽብኝ? ማሰሻው ሴራሚኬ ላይ ሊረጭ? ምን ነካህ፣ አንተ ሰውዬ? እኔ የምጋግረው ጓሮ ነው።»

ልጆቹ ምጣዱን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ጓሮ መለሱት። ከልብስ ማስጫው ላይ የተንጠለጠለችውን ሽቦ ሊሰኩ ሲሉ በመጥረጊያ እንጨት እጃቸውን መታሁ። አሁን ባለ 6 ሽቦ በቱቦ ሆኖ ከመሬት ሥር ወደ ማድ ቤቱ ይሄዳል ብያለሁ፤ ጉድጓዱ ዶማና አካፋ እንዳያገኘው ከጉልበት ያላነሰ ጥልቀት ይኑረው ብያለሁ። ኤሌክትሪሺያኑ «ቁፋሮ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሏል። ልጄ የቀን ሠራተኛ ፍለጋ ወጥቷል። ባለቤቴ ደግሞ ከጌሾዋና ከጤና አዳሟ አንዲት ሥር የነካ ሰው ከዚህ ቤት እንጀራ እንደማይበላ ከወዲሁ አስታውቃለች፤ መስመሩ የሚያልፈው ደግሞ በጌሾው ሥር ነው።